ዴልሂ ሲደርሱ የሚቀበልዎት ሰው ማን ነው?

ወደ ሕንድ አገር የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም። አንዱ ከሕንድ መንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይጓዛል። ሌላውን መሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ይልከዋል፤ የሕንድ መንግሥት ለወዳጅ አገሮች ሠራተኞች የሚሰጠው ይህ ሥልጠና ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንዳንዱም የታመመ ዘመዱን ይዞ ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል። ብዙዎቹ ወላጆቻችን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ከሕንድ መምህራን ዘንድ የተማሩ ስለ ሆኑ፣ አገሪቱ በስም እንግዳችን አይደለችም። በስም ማወቅና በእግር መርገጥ ግን ለየቅል ነው።

እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን ሻንጣዎን ይዘው በዴልሂ አውሮፕላን ጣቢያ በር ላይ ይቆሙ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ይቀርብና «ጌታዬ፣ ከየት አገር ነዎት?» ይልዎታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ገንዘቡም የመጀመሪያ ቀን ደስታውም አይነጠቅበትም፤ ያላወቀ ግን የወር ደመወዙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስረክብ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ታጅ ማሃል ውበት ሳይሆን ወደ ታጅ ማሃል በሚወስደው መንገድ ዳር ስለ ቆሙት ሰዎች ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። በሕንድ ከተሞች መንገደኛን የሚያታልለው ሰው ብዙውን ጊዜ ጩቤ የያዘ ወንበዴ አይደለም። ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚናገር፣ ምላሱ ማር የሆነ ሰው ነው። ሥራውም ድለላ ነው። እኛ «ደላላ» የምንለውን ሕንዶችም «ዳላል» ይሉታል፤ ቃሉን ሁለታችንም ያገኘነው ከዐረብኛ ነው። በአግራና በጃይፑር ደግሞ ቱሪስት የሚያሳድደውን ደላላ «ላፕካ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ሰው እርስዎን አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ወይም የጉዞ ወኪል ቤት ሲያስገባ ባለቤቱ ይከፍለዋል። የሚከፈለው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ እርስዎ በሚገዙት ዕቃ ላይ ተጨምሮ ይቀመጣል። ምንም ባይገዙ እንኳ እንግዳ ስላመጣ ብቻ ለሾፌሩ ጥቂት ገንዘብ ወይም የነዳጅ ኩፖን የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን በራሱ ሊደርስበት ይችላል። ነጂው በማይረባ ዋጋ ከተማውን ሙሉ ላዙርዎት የሚለው ለምን እንደ ሆነ፣ ሱቁ «ለመመልከት ብቻ ነው» የሚባለው ለምን እንደ ሆነ፣ የያዙት ሆቴል «ተቃጥሏል» የሚባለውም ለምን እንደ ሆነ ይገለጥለታል።

ሆቴልዎ ተቃጠለ!

የመጀመሪያው ወጥመድ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ይልቁንም በሌሊት ለሚደርስ መንገደኛ። ሾፌሩ ጥቂት ከነዳ በኋላ የሆቴልዎን ስም ይጠይቃል። ሲነግሩት ፊቱን ያጠቍራል። «ያ ሆቴል ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል» ይላል፤ ወይም «በዚያ ሰፈር ረብሻ ስላለ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶታል» ይላል። እርስዎ ካላመኑት «እንግዲያው ራስዎ ይጠይቁ» ብሎ ቍጥር መትቶ ስልኩን ያቀብልዎታል። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው በትሕትና «አዎን ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ክፍልዎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ይላል። ይህ ሰው የሆቴሉ ጸሐፊ ሳይሆን የሾፌሩ ባልንጀራ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሆቴል ይገኛል፤ ዋጋውም እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሌሊት ነው፤ ደክሞዎታል፤ ሻንጣዎም በመኪናው ኋላ ተቈልፎበታል። እንግዲህ ምን ያደርጋሉ? ይከፍላሉ።

መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። ከመነሣትዎ በፊት ራስዎ ወደ ሆቴሉ ደውለው ያረጋግጡ፤ ቍጥሩንና አድራሻውንም በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም። ሾፌሩ በደወለው ስልክ አይነጋገሩ። «ተቃጥሎም እንደ ሆነ አመዱን አይቼ እመለሳለሁ፤ እዚያው አድርሰኝ» ብሎ መሳቅ ከመቈጣት ይልቅ ይሠራል።

ከሁሉ የሚሻለው ወደ ከተማ በባቡር መግባት ነው። ከኢንዲራ ጋንዲ አውሮፕላን ጣቢያ እስከ ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን የሜትሮ መሥመር በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ መንገዱ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የሜትሮ ባቡር ዋጋ አይከራከርም፤ ምንጣፍ የሚሸጥ አጎትም የለውም። ታክሲ የግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ የሚከፈልበት ፖሊስ የሚቈጣጠረው የታክሲ መስኮት አለ። እዚያ ከፍለው ደረሰኝ ይቀበላሉ። ደረሰኙን ግን የሆቴልዎ በር ላይ ሳይደርሱ ለሾፌሩ አይስጡት፤ እርሱ ገንዘቡን የሚቀበለው በዚያ ወረቀት ነውና፣ ወረቀቱ በእጅዎ እስካለ ድረስ ጌታው እርስዎ ነዎት።

የባቡር ጣቢያው ደረጃ

ከሁሉ ይልቅ ተንኰል የረቀቀበት ስፍራ የኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው በአንድ ወገን ፓሃርጋንጅ ከሚባለው የርካሽ ሆቴሎች ሰፈር ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። በዚያ በኩል ባለው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ የውጭ አገር መንገደኞች ቲኬት የሚገዙበት የባቡር ድርጅቱ ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። በብዙ ባቡሮች ላይ ለውጭ አገር ሰዎች ተለይተው የሚቀመጡ ወንበሮች ስላሉ፣ ሌላው ሕዝብ ከብዙ ቀን በፊት ተሻምቶ የጨረሰውን ባቡር እርስዎ ፓስፖርትዎን አሳይተው ሊያገኙት ይችላሉ። ትልቅ ጥቅም ነው። አታላዩም ይህን ስለሚያውቅ፣ ድካሙ ሁሉ እርስዎ ያንን ደረጃ እንዳይወጡ ለማድረግ ነው።

ሥራቸውን እንዴት እንደሚከፋፈሉት ይመልከቱ። አንደኛው ሻንጣ በሚፈተሽበት በር አጠገብ ቆሞ «ቲኬት?» ይላል። የበሩ ዘበኛ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቲኬትዎን ሲያሳዩት አገላብጦ ያይና «ይህ አልጸደቀም፤ ማኅተም ያስፈልገዋል» ይላል። ሁለተኛው ከደረጃው ሥር ይጠብቃል፤ «ቢሮው ለጥገና ተዘግቷል፤ ወደ ኮናት ፕሌስ ተዛውሯል» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱን ፈጽሞ የማያውቃቸው መስሎ፣ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ይመጣና «እነዚህን አይስሟቸው፤ አጭበርባሪዎች ናቸው፤ እኔ ተማሪ ነኝ፤ እውነተኛውን ቢሮ ላሳይዎት» ይላል። ከሦስቱ የሚከፋው ይህኛው ነው። ሰው ከሁለት ሌቦች አመለጥሁ ብሎ ልቡ ባረፈበት ሰዓት ሦስተኛውን ይከተላል። ከአንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ቢገጥምዎም አይደነቁ፤ ካርድ ማሳተም በየትም አገር ቀላል ነው።

ከዚያ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ይጠራል። (እኛ በሕንዱ ፋብሪካ ስም «ባጃጅ» የምንለውን እነርሱ «አውቶ» ይሉታል።) ዋጋው እጅግ ርካሽ ይሆናል፤ ምክንያቱን አሁን ያውቁታል። የሚወርዱበት ቤት በሩ ላይ የቱሪስት መረጃ ቢሮ የሚል ሰሌዳ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የሕንድ ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ሻይ አለው። ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን ይነካካና በኀዘን ራሱን ይነቀንቃል፤ ባቡር ሁሉ ለአሥር ቀን ሞልቷል! ነገር ግን መፍትሔ አለው። መኪና ከነሾፌሩ ለሰባት ቀን፣ አግራ፣ ጃይፑር፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ፤ ወይም በካሽሚር በስሪናጋር ሐይቅ ላይ በጀልባ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት። ዋጋው በዶላር ይነገራል። ብዙ መንገደኛ አግራን ለማየት ብሎ ዴልሂ ገብቶ፣ አስቦት የማያውቀውን ካሽሚር ሲጐበኝ ተገኝቷል።

የሕንድ መንግሥት የቱሪስት ቢሮ በዴልሂ የሚታወቀው በጃንፓት ጎዳና ቍጥር 88 ነው። በዚያ አካባቢ ስሙን አስመስለው የሚሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባብያን ልዩነቱን ለማወቅ ከማንም ይልቅ ይቀላቸዋል፤ ባለጉዳይን መንገድ ድረስ ወጥቶ በእጁ እየሳበ፣ ሻይ እያቀረበ የሚያስተናግድ የመንግሥት ቢሮ በየት አገር ታይቷል?

ስለ ቲኬቱም ይህን ይወቁ። በኢንተርኔት የተገዛ የባቡር ቲኬት ማኅተም አያስፈልገውም፤ ባቡሩ ውስጥ የሚጠየቁት ፓስፖርትዎን ነው። በቲኬቱ ላይ አሥር አኀዝ ያለው የመዝገብ ቍጥር አለ፤ ወንበር ማግኘት አለማግኘትዎን በዚያ ቍጥር ከባቡር ድርጅቱ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጣቢያው በአዲስ መልክ እንዲሠራ በ2022 ዓ.ም. ስለ ተወሰነ በውስጡ ያሉት ቢሮዎች ሊለዋወጡ ይችሉ ይሆናል። ቢዛወሩም ግን ይህን የሚነግርዎት ከመስኮት ኋላ የተቀመጠ የባቡር ሠራተኛ ይሁን እንጂ፣ በር ላይ የተገናኘዎት ሰው አይሁን።

ጫማና ጆሮ

ኮናት ፕሌስ፣ በመንግሥት ስሙ ራጂቭ ቾክ፣ በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ ነጫጭ አዕማድ ያሉት ክብ የገበያ አደባባይ ነው። ግንባታው ያለቀው በ1933 ዓ.ም. ነው። መልካም የሽርሽር ስፍራ ነው፤ ግን ጫማዎን ይጠብቁ። እየተዘዋወሩ ሳለ አንድ ሊስትሮ «ጌታዬ፣ ጫማዎን ይመልከቱ!» ይላል። ዝቅ ብለው ሲያዩ በጫማዎ ላይ እበት ተለጥፏል። የተለጠፈው ከሰማይ አይደለም፤ ባልንጀራው ሲያልፉ የወረወረው ነው። ለመጥረግ የሚጠየቀው ዋጋ ለሕንዳዊ ከሚጠየቀው ብዙ እጥፍ ነው። ጥቂት እበት ይዞ እስከ ሆቴል መሄድ ማንንም አልገደለም።

ጆሮ ጠራጊውም አለ። ይህ በሕንድ የቆየ እውነተኛ ሙያ ነው፤ ቀይ ጥምጥም አድርጎ፣ ቀጭን መርፌና ጥጥ ይዞ ይዞራል። ከውጭ አገር ሰዎች የተጻፈ የምስጋና ደብተር ያሳያል። ከመካከላቸው አታላይ የሆነው ግን በጣቶቹ መካከል የደበቀውን ጠጠር ከጆሮዎ ያወጣው መስሎ ያሳይና «ሌላም አለ፤ ካልወጣ ይደነቍራሉ» ይላል። ሒሳቡ በጠጠር ቍጥር ነው።

የአውቶ ነጂ «ቈጣሪው ተበላሽቷል» ሲል የዴልሂ ቈጣሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን የታመሙ ይመስላል። ሌላ ያቍሙ፤ አረንጓዴና ቢጫ የተቀቡት አውቶዎች በየመንገዱ ሞልተዋል። ዋጋ ከተስማሙም ቍጥሩን በወረቀት ወይም በስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩት፤ በእንግሊዝኛ 15 እና 50 በጆሮ ይቀራረባሉና፣ ሲወርዱ ሁልጊዜ ትልቁ ነው የሚሰማው። እንደ ኡበርና እንደ ኦላ ያሉት በስልክ የሚጠሩ መኪናዎች ይህን ክርክር አሳጥረውታል።

በገንዘብም በኩል ጥቂት ማወቅ ይገባል። የሕንድ መንግሥት በኅዳር 2016 ዓ.ም. የቀድሞዎቹን የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶች በአንድ ሌሊት ከሕግ ዋጋ ውጭ አድርጓል፤ ከዚያ በኋላ የወጣው የ2000 ሩፒ ኖትም በ2023 ዓ.ም. ከገበያ ተሰብስቧል። ስለዚህ መልስ ሲቀበሉ የ1000 ኖት የሚሰጥዎት ሰው ወረቀት እየሰጠዎት ነው፤ የ2000 ኖትም አይቀበሉ። የተቀደደ ኖትም ባለሱቆች አይቀበሉምና እርስዎም አይቀበሉ። ሌላም አለ፤ 500 ሰጥተውት ሳለ በእጁ ቅልጥፍና ለውጦ «የሰጡኝ እኮ 100 ነው» የሚል ነጂ አይጠፋም። ኖቱን ሲሰጡ ጮክ ብለው «አምስት መቶ» ይበሉ።

ለወጣቶች በተለይ

ተማሪ የሆኑ አንባብያን ይህን በጥሞና ያንብቡት፤ የዕንቍ ድንጋዩ ተንኰል ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነውና። የሚሠራው በአብዛኛው በጃይፑርና በአግራ ነው። ጃይፑር በእርግጥም የከበሩ ድንጋዮች የሚቀረጹባት ስመ ጥር ከተማ ስለ ሆነች ነገሩ እውነት ይመስላል። አንድ ወጣት ይተዋወቅዎታል፤ ሻይ ይጋብዛል፤ በማግሥቱ ራት ይጋብዛል፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ክሪኬት ያወራል። ገንዘብ አይጠይቅም። በሦስተኛው ቀን ከአጎቱ ሱቅ ያደርስዎታል። አጎትየው «ድንጋይ ወደ ውጭ ስንልክ ቀረጡ ይበዛብናል፤ ቱሪስት ግን ያለ ቀረጥ መያዝ ይችላል። ይህን ጥቅል ወደ አገርዎ ይውሰዱልን፤ እዚያ ባልደረባችን መጥቶ ይቀበልና እጥፉን ይከፍልዎታል። ለዋስትና ያህል ብቻ የባንክ ካርድዎን እናስመዝግብ» ይላል።

በጥቅሉ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ወይም ዋጋ ቢስ ድንጋይ ነው። ባልደረባ የሚባል ሰው የለም። በካርዱ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ደረሰኙ ላይም ፈርመዋል፤ ስለዚህ ሱቁ «ወዶ ገዛ» ይላል። የዚህ ተንኰል ኀይሉ መንገደኛውን ራሱን በትንሽ ኮንትሮባንድ ማስገባቱ ነው፤ የቀረጥ ሕግ ሊያታልል የተስማማ ሰው ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ያፍራል። በእኔ አስተያየት ከሦስት ቀን ወዳጅነት በኋላ የከበረ ድንጋይ በአደራ የሚሰጥ ነጋዴ በሕንድም፣ በመርካቶም፣ በየትም የለም።

ርኅራኄን የሚያጠምደው ደግሞ ሌላ ዐይነት ነው። በዴልሂም ሆነ በሙምባይ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ትቀርብና «ገንዘብ አልፈልግም፤ ለልጄ ወተት ብቻ ይግዙልኝ» ትላለች። ልብ የሚነካ ቃል ነው። ሱቁን እርስዋ ትመርጣለች፤ ባለሱቁ የዱቄት ወተቱን በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ጣሳው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ገንዘቡንም ይካፈላሉ። ሴትዮዋ ድኻ መሆንዋ ሐሰት አይደለም፤ ትልቁ ድርሻ የሚደርሰው ግን ለባለሱቁ ነው። መስጠት ከፈለጉ ሱቁን ራስዎ ይምረጡ፤ ወዲያው የሚበላ ነገር ገዝተው ይስጡ።

ሕመምተኛ ይዞ ለሚሄድ ሰው ምክሩ አጭር ነው። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የውጭ አገር ሕመምተኞችን የሚያስተናግድ የራሳቸው ክፍል አላቸው። ከዚያ ክፍል ጋር በቀጥታ ተጻጻፉ፤ የሕክምናውን ዋጋ ግምት በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበላችሁን ሰው ስም አስቀድማችሁ እወቁ። በመካከል የሚገባ አስተርጓሚም ሆነ አሻሻጭ ከማን ገንዘብ እንደሚቀበል መጠየቅ ነውር አይደለም።

ተንኰል ያልሆነውንም ተንኰል ነው ብሎ መጣላት አይገባም። ታጅ ማሃል ለሕንዳዊ በ50 ሩፒ ሲከፈት ለውጭ አገር ሰው 1100 ሩፒ መሆኑ፣ መቃብሩ ወዳለበት ለመግባትም 200 ሩፒ መጨመሩ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተደነገገ የመንግሥት ዋጋ ነው። ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ዝግ ነው፤ ስለዚህ «ዓርብ በልዩ በር አስገባዎታለሁ» የሚልዎትን አይከተሉ። ከዴልሂ ሃዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ተነሥቶ በ100 ደቂቃ አግራ የሚያደርሰው ጋቲማን የተባለው ፈጣን ባቡርም ዓርብ አይሄድም።

እንዲህ ሁሉ ሲባል ዴልሂ የሌቦች ከተማ እንዳትመስልዎ። ከኮናት ፕሌስ ብዙ ሳይርቅ ባንግላ ሳሂብ የሚባል የሲኮች ቤተ ጸሎት አለ። ጫማዎን አውልቀው፣ ራስዎን በጨርቅ ሸፍነው ቢገቡ፣ ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ሁሉም መሬት ላይ በአንድነት ተቀምጦ ምስርና ቂጣ በነጻ ይበላል። እርስዎም ይበላሉ። ከፈለጉ ወደ ማድ ቤቱ ገብተው ቂጣ ሲጋገር ማገዝ ይችላሉ። መንገድ የጠፋበትን እንግዳ የራሱን ሥራ ትቶ እስከ በሩ የሚያደርስ ሕንዳዊም ብዙ ነው። ልዩነቱን የሚያውቁበት ዘዴ አለ፤ እርዳታ ሲያስፈልግዎ የሚጠይቁትን ሰው ራስዎ ይምረጡ፤ ባለ መድኀኒት ቤቱን፣ ልጆችዋን ይዛ ባቡር የምትጠብቀውን እናት፣ ጋዜጣ የሚያነበውን ሽማግሌ። ሳይጠሩት የመጣውን ደግሞ «ናሂን ቻሂዬ» ማለትም «አልፈልግም» ብለው፣ ሳይቈሙና ሳያብራሩ ይለፉት። ማብራራት የጀመረ ሰው ግማሹን ተሸንፏል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተታለለ ሰው ቢኖር ዝም አይበል። በካርድ የከፈለ እንደ ሆነ በዚያኑ ቀን ለባንኩ ያመልክት፤ ደረሰኙን፣ የሱቁን ካርድና የመኪናውን ሰሌዳ ቍጥር ያስቀምጥ። የፖሊስና የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ለቱሪስቶች ብቻ የተለየው የሕንድ መንግሥት ስልክ ደግሞ 1363 ሲሆን፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀንና ሌሊት በ12 ቋንቋዎች ይመልሳል። አማርኛ ከመካከላቸው የለበትም፤ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ግን አሉ።